ለጥቂት ተረፍኩ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ሪቨርዴል ፓርክን ልብ ሳይላት ያልፋታል። የባቡር ሐዲድ መሐሏን የሚያቋርጣት፣ ዛፍ የበዛባት፣ ትንሽ የሜሪላንድ ከተማ ናት። በአሁኑ ጊዜ ትልቁ ሥራዋ የፐርፕል ላይን ግንባታ ነው። ይህ ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያዎች የሚኖሩት ባቡር በከተማዋ በኩል ያልፋል። ከሰማንያ ዓመት በፊት ግን እዚህች ከተማ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራ ነበር።

ፋብሪካው ኤርኮ ይባላል። ያቋቋመው ሄንሪ በርሊነር ነው፤ አባቱ ኤሚል በርሊነር የሙዚቃ ሸክላን የፈለሰፈው ሰው ነው። ኩባንያው የተመሠረተው በ1930 ነው፤ በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኤርኮን ስም ያስጠራው ፍሬድ ዊክ የሚባል መሐንዲስ የነደፈው ኤርኩፕ የተባለ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ነው። በዚያ ዘመን ከትናንሽ አውሮፕላኖች ዋና ገዳዮች አንዱ መሾር ነበር። አብራሪው ፍጥነቱን አሳንሶ ሲታጠፍ አውሮፕላኑ ድንገት ሚዛኑን ይስትና እንደ እንዝርት እየሾረ ይወርዳል። ዊክ የጅራቱን መሪ ከክንፎቹ መቆጣጠሪያ ጋር አያያዘው፤ አብራሪው እንደ መኪና በአንድ መሪ ብቻ እንዲነዳው አደረገ፤ አፍንጫውን ከልክ በላይ ወደ ላይ እንዳይጎትትም ገደብ አበጀለት። በ1940 ኤርኩፕ በባሕርዩ መሾር የማይችል ተብሎ በመንግሥት የተመሰከረለት የመጀመሪያው አውሮፕላን ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ሜሲስ የተባለው መደብር ሳይቀር እንደ ልብስና እንደ ሽቶ ይሸጠው ጀመር። በ1946 ብቻ ከ4000 በላይ ተሠርተዋል።

የዊክ ብልሃት የሰውን ስህተት አስቀድሞ ገምቶ መንገዱን መዝጋት ነው። የዛሬ ፋብሪካዎችም ጣት የማያስገባ ማሽን፣ ካልተዘጋ የማይነሳ መቁረጫ ሲገዙ የሚከተሉት እሱኑ ነው። ይሁንና መሐንዲስ በወረቀት ላይ የማያያቸው አደጋዎች አሉ። የትኛው ደረጃ በዝናብ እንደሚያዳልጥ፣ የትኛው በር በሌሊት እንደማይቆለፍ፣ የትኛው ፎርክሊፍት ፍሬኑ እንደሚዘገይ የሚያውቀው በየቀኑ እዚያ የሚውለው ሠራተኛ ነው። የሥራ ቦታ ደህንነት ባህል የሚባለው ነገር ይህ እውቀት ከሠራተኛው አፍ ወጥቶ ማስተካከል ወደሚችለው ሰው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጊዜው ሲረዝም ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙዎቻችን አገር ቤት ስንሄድ የምንሳፈርበት ነው።

እሑድ ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ በረራ ቁጥር 514 ከኮሎምበስ ወደ ዋሽንግተን ናሽናል እየመጣ ሳለ ነፋሱ በመክፋቱ ወደ ደለስ እንዲዞር ተደረገ። የአየር ተቆጣጣሪው ለማረፍ እንዲቀርብ ፈቀደለት። አብራሪዎቹ ፈቃዱን «እንግዲህ ከፍታችሁን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ከፊታችሁ ምንም የለም» እንደማለት ወሰዱት። ተቆጣጣሪው ደግሞ ከፍታን መጠበቅ የአብራሪዎቹ ፋንታ ነው ብሎ ያምን ነበር። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ በሁለቱ መካከል ተንጠለጠለ። ቦይንግ 727ቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ማውንት ዌዘር ከሚባለው ተራራ ጋር ተላተመ፤ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

መርማሪዎች ነገሩን ሲያገላብጡ የሚያንገበግብ ታሪክ አገኙ። ከአደጋው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው የማረፊያ አቅጣጫ፣ በዚያው የቃል አለመግባባት ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስተውት ነበር። ዝም አላሉም። ኩባንያቸው በዚያው ዓመት ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው የውስጥ ሪፖርት ማቅረቢያ ሥርዓት አማካይነት ተናገሩ፤ ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ከዩናይትድ በር አልወጣም። የቲ.ደብሊው.ኤ. አብራሪዎች ያልሰሙት ነገር እዚያው ሰማይ ሥር በሌላ ዩኒፎርም ለባሾች ዘንድ ታውቆ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው በ1976 የአቪዬሽን ደህንነት ሪፖርት ሥርዓት የተቋቋመው። የሚገርመው ማን እንዲያስተዳድረው እንደተደረገ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። አብራሪ ደግሞ ስህተቱን ለሚቀጣው ሰው እንደማይናገር የታወቀ ነው። ስለዚህ ሥራው ለናሳ ተሰጠ፤ ናሳ የማንንም ላይሰንስ አይነጥቅም። ሪፖርት አቅራቢው ማንነቱ ከጽሑፉ ላይ ተፍቆ ይወጣል። ሆን ብሎ ያላደረገው፣ ወንጀልም አደጋም ያልሆነ ጥፋት ከሆነና በ10 ቀን ውስጥ ካመለከተ ከቅጣት ይተርፋል። አብራሪ ብቻ ሳይሆን ሜካኒክ፣ አስተናጋጅና ተቆጣጣሪም ይጽፋሉ። የተሰበሰበው ታሪክ ስሙ ተደብቆ በየጊዜው ለባለሙያው ሁሉ ይበተናል።

አሁን ከአውሮፕላኑ ወርደን ወደ ፓርኪንግ እንግባ። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሚገኙ የምድር ቤት ፓርኪንጎች፣ ሆቴሎች፣ የምግብ ቤት ኩሽናዎች፣ አረጋውያን መንከባከቢያዎችና የአውሮፕላን ማረፊያ አገልግሎቶች የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ከሽፍት በኋላ ቡና ተፈልቶ ወሬው ሲደራ ከሚሰሙት ነገሮች አንዱ «ዛሬ እኮ ለጥቂት ተረፍኩ» የሚል ነው። መውረጃው ላይ መኪና ሊገጨው ነበር። የጋለ ዘይት ሊደፋበት ነበር። አዛውንቱን ሲያነሳ ወገቡ ሊቀነጠስ ነበር። አድማጩ «ውይ፣ ተመስገን በል!» ይላል፤ ባለታሪኩም ተመስገን ይልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ማመስገኑስ ደግ ነው። ዳሩ ግን ያ ታሪክ በዚያች ሲኒ አቦል ላይ ሲቀር የዩናይትድ አብራሪዎች ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ነገ በዚያው መውረጃ የሚወርደው ሌላው ሰው አልሰማውም።

ለምን አይነገርም ቢባል መልሱ ብዙ ነው። ይሉኝታ አለ፤ «ሥራ ገና ሳይለምድ ማማረር ጀመረ» እንዳይባል። የእንግሊዝኛ ነገር አለ። ማናጀሩ ተቀይሞ ሰዓት እንዳይቀንስ፣ ኦቨርታይሙን ለሌላ እንዳይሰጥ መስጋት አለ። አገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ብሂል ይዞ ያደገ ሰው፣ ዝምታው ሥጋቱን ሲያባብስበት እንጂ ሲያቃልልለት ባያይም፣ ልማዱ ይጎትተዋል። እነዚህን ምክንያቶች እንደ ድክመት መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። እንጀራው በአንድ ሰው እጅ ያለ ሠራተኛ ቢፈራ ምን ይገርማል?

ይህን ዝምታ የባህላችን ጣጣ ብቻ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በሚገኙ 30 ኩባንያዎች በ2009 በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው የካይዘን ሙከራ ሌላ ነገር አሳይቷል። ሠራተኛው በየክፍሉ በልማት ቡድን ተደራጅቶ፣ ችግሩን በዓሣ አጥንት ሥዕል እየተነተነ፣ መፍትሔውን ራሱ እንዲያቀርብ ነው የተደረገው። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በዚያ ያለፈ ሠራተኛ «አምስቱ ማ»ዎችን በቃሉ ያውቃቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የማያስፈልገው ብረት ከመተላለፊያ ሲነሳ፣ መሣሪያ ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ የፈሰሰ ዘይት ሲጠረግ ምርቱ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው እግርም ይተርፋል። አስቸጋሪው አምስተኛው ማ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ጎብኚ ሲመጣ ብቻ የሚቀባ ከሆነ ማዝለቁ ቀርቷል።

የኢትዮጵያ ሕግም ሠራተኛውን ተመልካች አያደርገውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ይህኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው፣ አሠሪው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል። ሠራተኛው በበኩሉ የመሣሪያ ጉድለትና የደረሰ ጉዳት ሲያይ ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የሠራተኛውን ደህንነት የሚያሰጋ አደጋ መቃረቡ ተነግሮት አሠሪው በተሰጠው ጊዜ እርምጃ ካልወሰደ፣ አንቀጽ 32 ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ሥራ መልቀቅ ሥራ በሚጠፋበት አገር የመጨረሻ መሣሪያ መሆኑ ግልጽ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከመልቀቅ በፊት ያለውን መንገድ ያሰፉት ሰባት የባልቲሞር ሠራተኞች ናቸው። ባልቲሞር ከሪቨርዴል ፓርክ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1959 ለባልቲሞር እንኳ ያልተለመደ ብርድ የወረደበት ቀን ነበር፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወርዶ ነበር። ዋሽንግተን አልሙኒየም የተባለው ኩባንያ የማሽን ክፍሉ ግድግዳ ብርድ የሚከላከል አልነበረም፤ በሮቹም ብዙ ነበሩ። ሠራተኞቹ ስለ ብርዱ ከዚያ በፊትም ደጋግመው ተናግረዋል። በዚያች ሌሊት ትልቁ ማሞቂያ ተበላሽቶ አደረ። ጠዋት ሲገቡ እጃቸው ብረት መጨበጥ አልቻለም። ሠራተኛ ማኅበር የላቸውም፤ የሚናገርላቸው ተወካይ የላቸውም። እርስ በርስ ተነጋገሩና ሰባቱ አብረው ወጡ። ኩባንያው ማሞቂያውን ለማስጠገን እየተሯሯጠ ነበር፤ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ወጥታችኋል ብሎ ሁሉንም አባረራቸው።

ጉዳዩ ሦስት ዓመት ፈጅቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 28 ቀን 1962 ዳኛ ሁጎ ብላክ የጻፉት ውሳኔ ለሠራተኞቹ ፈረደ። ፍርድ ቤቱ እንዳለው እነዚህ ሰዎች የሚናገርላቸው አካል ስለሌላቸው በተቻላቸው መንገድ ለራሳቸው መናገር ነበረባቸው፤ መውጣታቸው ብልህነት ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ መብታቸውን አያሳጣቸውም። ያረፈበት ሕግ በ1935 የወጣው ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው አብሮ የሚደረገውን ነው። ብቻውን ለራሱ ብቻ የሚያጉረመርም ሰው ይህን ከለላ ላያገኝ ይችላል፤ ሁለት ሆነው «ይህ ደረጃ ይጠገንልን» ቢሉ ግን ማኅበር ባይኖራቸውም ሕጉ ከጎናቸው ነው። ሱፐርቫይዘሮች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና በራሳቸው መኪና የኮንትራት ሥራ የሚሠሩ ሾፌሮች ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው። የዋሽንግተን ታክሲ ሾፌሮች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባቸው፣ ከዚህ ሕግ ውጪ ሆነው ሳለ ነው በ2013 ከቲምስተርስ ማኅበር ጋር ሆነው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት።

የሆቴል ክፍል አጽጂዎች ታሪክ ደግሞ የቡና ወሬ እንዴት ማስረጃ እንደሚሆን ያሳያል። አጽጂዋ ብቻዋን የማታውቀው ሰው ክፍል ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። በውስጡ የሚሆነው ነገር ለዘመናት በሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚነገረው። በ2016 በቺካጎ ዩናይት ሂር የተባለው ማኅበር 500 የሚሆኑ የሆቴልና የካሲኖ ሴት ሠራተኞችን ጠየቀ። ከሆቴል ሠራተኞቹ 58 በመቶ የሚሆኑት በእንግዳ ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶብናል አሉ። እያንዳንዷ ሴት የብቻዋ ዕድል የመሰላት ነገር ተደምሮ ቁጥር ሆነ። ከማናጀር ፊት ቀርቦ «እሷ ትዋሻለች» የማይባል ቁጥር።

የጠየቁትም ነገር ሰማይ አይነካም፤ ሲጫኑት ያሉበትን ቦታ ለጥበቃ የሚያሳውቅ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ መጥሪያ ነው። የኒው ዮርክ ሆቴል ሠራተኞች በ2012 በኅብረት ስምምነታቸው አስገብተውት ነበር። የሲያትል መራጮች በ2016፣ የቺካጎ ምክር ቤት በ2017 ሕግ አደረጉት። በሴፕቴምበር 2018 ማሪዮትንና ሂልተንን ጨምሮ ትልልቆቹ የሆቴል ድርጅቶች በመላው አሜሪካ ለሠራተኞቻቸው እንደሚያድሉ አስታወቁ። መጥሪያውን የሚሸጡት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዛሬ ማስታወቂያቸው ያማረ ነው፤ ሐሳቡ የመጣው ግን አንሶላ ከሚያነጥፉት ሴቶች ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ የቅርብ ጊዜው ለውጥ ስለ ሙቀት ነው። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው የክልሉ ደንብ፣ እርጥበትን ጨምሮ የሚለካው ሙቀት 80 ፋራናይት፣ ማለትም 27 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ አሠሪው ላይ ግዴታ ይጥላል። ደንቡ ሐዲድ ለሚዘረጋው ብቻ ሳይሆን ኤሲ በሌለው መጋዘንና ኩሽና ለሚሠራውም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃና ጥላ መኖር አለበት። 90 ፋራናይት ላይ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ 100 ሲደርስ በየሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ እረፍት ይሰጣል። አሠሪው የሚሰጠው ሥልጠናም ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት።

ከደንቡ ውስጥ እምብዛም የማይወራለት ክፍል ስለ አዲስ ሠራተኛ የሚናገረው ነው። ሥራ ላይ ሳሉ ሙቀት ከሚገድላቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ ሰውነታቸው ገና አልለመደም። ስለዚህ እስከ 14 ቀን የሚደርስ ቀስ በቀስ የማላመጃ ጊዜ ተደንግጓል። ያ አዲስ ሰው ደግሞ ባለፈው ወር በዲቪ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ እየሠራ እሱ «ደከመኝ» ማለት ያፍራል፤ ራሱ ሲዞር እንኳ «ጉዞው ነው፣ ጾሙ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ከየትኛውም ፖስተር ይልቅ የሚሠራው አጠገቡ ያለው ነባር ሠራተኛ «አንተ ልጅ፣ ና ጥላ ውስጥ ቁጭ በል» ማለቱ ነው። ነባሩ በአደባባይ አረፍ ካለ አዲሱም ያርፋል፤ ነባሩ ጀግንነቱን ካሳየ አዲሱ ወድቆ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ልማድ በሥራ ቦታ ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ደብተር ወይም በስልክ ላይ የተከፈተ የጋራ ቡድን ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሊሆን እንደነበር በአማርኛም ቢሆን ይጻፍ። የጥፋተኛ ስም አይጻፍ፤ የናሳው ሥርዓት ለግማሽ ምዕተ ዓመት የቆመው ስም በመፋቁ ነው። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አብረው ለማናጀሩ በጽሑፍ ያቅርቡት፤ በቴክስት መልእክትም ይሆናል፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራልና። ጥያቄው ጠባብ ቢሆን ይመረጣል። «ደህንነታችን ይጠበቅ» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ «ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ መስታወት ይሰቀል» ለሚለው ግን አዎ ወይም አይ ማለት ግድ ነው። ብዙ ማናጀሮች መስታወቱን ይሰቅላሉ። ዋጋው ከአንድ የተጨረገደ መከላከያ ያንሳል፤ የማያውቁትንም ነገር ነው የተነገራቸው።

የማይሰቅሉ ሲያጋጥሙ የሚኬድበት ቢሮ በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለያያል፤ ወሳኙም የሚኖሩበት ሳይሆን የሚሠሩበት ቦታ ነው። ሪቨርዴል ፓርክ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ለሜሪላንዱ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ቢሮ፣ ለሞሽ ያመለክታል። አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ለቨርጂኒያው አቻ ቢሮ፣ ለቮሽ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በግል ድርጅት የሚሠራ ለፌዴራሉ አቻ ቢሮ፣ ለኦሻ ነው። የሜሪላንዱ የሙቀት ደንብ ፖቶማክን አይሻገርም። አመልካቹ ስሙ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅ ይችላል፤ ፈርሞ ያቀረበው አቤቱታ ግን ተቆጣጣሪ ወደ ቦታው የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በመናገሩ ምክንያት የተባረረ ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው በሜሪላንድና በዋሽንግተን 30 ቀን፣ በቨርጂኒያ 60 ቀን አለው። ቀኑ የሚቆጠረው ቅጣቱ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ነው።